ሮድ ዋሪየርስ፦ ከ1990 በኋላ የቀረው ስማቸው ብቻ ነበር?

ሦስት_ቆጠራ

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ሥራ ፈትቼ የአሜሪካኖቹን የሬስሊንግ (ውጤቱ ቀድሞ የሚወሰን የትርኢት ትግል) ጥንድ፣ የሮድ ዋሪየርስን የድሮ ግጥሚያዎች እያየሁ ነው። ከ1983 ጆርጂያ ጀምሬ በኤደብልዩኤና በክሮኬት (ኤንደብልዩኤ) የሬስሊንግ ድርጅቶች፣ በጃፓንም አድርጌ ደብልዩደብልዩኤፍ የሚባለው ድርጅት ደርሻለሁ። (ዓመቶቹም ቀኖቹም ሁሉ በፈረንጆች ናቸው፣ እንዳትጨቃጨቁ።) አንድ ነገር ግን አልዋጥልህ አለኝ።

ሀውክና አኒማል በዚህ ሁሉ ዓመት የሚያደርጉት ነገር በጣት ይቆጠራል። ማንሳት፣ መወርወር፣ መደብደብ፣ ከዚያ ዱምስዴይ ዲቫይስ የሚሉት የመጨረሻ ምታቸው። አለቀ። እንዲያም ሆኖ የኤደብልዩኤን፣ የኤንደብልዩኤንና የደብልዩደብልዩኤፍን የዓለም የጥንድ ቀበቶ ሦስቱንም የወሰደ ሌላ ጥንድ የለም።

ለማያውቃቸው በአጭሩ። ሀውክ ማይክል ሄግስትራንድ፣ አኒማል ጆሴፍ ሎሪናይተስ ነው። ሚኒያፖሊስ ውስጥ የመጠጥ ቤት በር ጠባቂ ነበሩ። ኤዲ ሻርኪ ነው ያሠለጠናቸው፣ ከሪክ ሩድና ከባሪ ዳርሶ ጋር። (ዳርሶን ያዙልኝ።) አኒማል መጀመሪያ ብቻውን ነበር "ሮድ ዋሪየር" ተብሎ የቀረበው። በ1983 የግጥሚያ አዘጋጁ ኦሊ አንደርሰን ጆርጂያ ላይ ከሀውክ ጋር አጣመረው። ፖል ኤለሪንግ ማናጀር ሆነ። መጀመሪያ ላይ ቆዳ ለብሰው ሞተረኛ ነበር የሚመስሉት። የፊቱ ቀለም፣ የፀጉሩ ጉድ፣ እሾሃሙ የትከሻ ልብስ ኋላ የመጣ ነው።

እንግዲህ ክርክሬ ይሄ ነው፦ በ1990 አልቀዋል። ሊጅን ኦፍ ዱም ተብለው ደብልዩደብልዩኤፍ ከገቡ በኋላ ያየነው ስማቸውን ነው እንጂ እነሱን አይደለም። የማይስማማ ይምጣ።

ገመድ_ጥግ

ስማቸውን? ሳመርስላም 1991 (የደብልዩደብልዩኤፍ ትልቅ ዝግጅት)፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን፣ ናስቲ ቦይስ የተባለውን ጥንድ ጥለው ቀበቶውን ሲወስዱ የነበረውን ጩኸት ሰምተሃል? ነው ወይስ ድምፁን አጥፍተህ ነው የምታየው? ሃሃ

ሦስት_ቆጠራ

ጩኸቱማ ለስሙ ነው። እኔም የምለው እሱኑ ነው።

እሷ_ዳኛ

ክርክሩ ከመጋሉ በፊት አንድ ነገር ላስገባ። የጥንድ ትግል እንዴት እንደሚሠራ ሳናነሳ እነዚህን ሰዎች መመዘን አይቻልም።

የተለመደው አካሄድ እንዲህ ነው። ከጥሩዎቹ አንዱ በክፉዎቹ ጥግ ይያዛል። እየተፈራረቁ ይደበድቡታል። ጓደኛው በወዲያኛው ጥግ ያቺን አጭር ገመድ ይዞ እጁን ይዘረጋል። የተያዘው በደረቱ እየተሳበ ይመጣል። ጣት ሲቀረው እግሩን ይዘው ይጎትቱታል። ጓደኛው ተናዶ ሲገባ ዳኛው እሱን ሊመልስ ይዞራል፣ በዚያች ቅጽበት ከኋላ ለሁለት ይወርዱበታል። አንዴ ደግሞ እጅ ለእጅ ይነካካሉ፣ ዳኛው ግን አላየም፣ ስለዚህ አይቆጠርም። ሕዝቡ ሊያብድ ይደርሳል። በመጨረሻ በትክክል ሲነካኩ አዳራሹ ቀውጢ ይሆናል።

የዚህ ነገር ጌታው ሮክ ኤንድ ሮል ኤክስፕረስ ከሚባለው ጥንድ ሪኪ ሞርተን ነው። እስከ ዛሬ አንድ ታጋይ ለረጅም ጊዜ ሲቀጠቀጥ "ሪኪ ሞርተንን እየሠራ ነው" ይባላል።

አሁን ሀውክን በሞርተን ቦታ አስቡት። ማን ያምናል? ሀውክ እኮ ፓይልድራይቨር በሚሉት ምት በጭንቅላቱ ተተክሎ፣ ምንም እንዳልሆነ ብድግ የሚል ሰው ነው። ተመልካቹም የሚመጣው ይህንኑ ለማየት ነው። ስለዚህ የጥንድ ትግል ልቡ የሆነውን ነገር ትተው ነው የተነሱት። ግጥሚያቸው አጭር የሆነው ስለማይችሉ ብቻ አይደለም። ከረዘመ ምስጢሩ ይወጣል።

ካሴት_ሰብሳቢ

እህቴ በሚገባ ገልጸሽዋል። እኔ ግን ሌላኛውን ወገን ላንሳ፤ የሚደበደበውን ማለቴ ነው።

ዱምስዴይ ዲቫይስን በዝግታ እዩት። አኒማል ከኋላ መጥቶ በተጋጣሚው እግሮች መሃል ጭንቅላቱን አስገብቶ በትከሻው ያነሳዋል። ሰውየው አባቱ ጫንቃ ላይ እንዳለ ሕፃን ይቀመጣል። ሀውክ ጥጉ ላይ ከላይኛው ገመድ ይወጣና ዘሎ በክንዱ አንገቱ ላይ ይለቅበታል። ተመቺው ወደ ኋላ ተገልብጦ ይወርዳል። እዚህ ጋ ነው ጣጣው። የሚይዘው ነገር የለም። የሚወድቅበትን አያይም። አየር ላይ በቂ ካልዞረ ወይም ከልክ በላይ ከዞረ የሚያርፈው በአንገቱ ነው። አኒማል እግሩን ትንሽ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ቢለቅ ሁሉም ነገር ይበላሻል።

በ1997 ሄንሪ ጎድዊን በዚሁ አንገቱን ተጎድቷል፤ አጥንቱ ተሰንጥቋል። ደብልዩደብልዩኤፍም አላፈረ፣ ጉዳቱን የታሪኩ መነሻ አደረገው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ሊጅን ኦፍ ዱም ቀበቶውን ለሁለተኛ ጊዜ የወሰዱት ከማን ይመስላችኋል? ከጎድዊኖቹ።

እኔ ሀውክና አኒማልን እወዳለሁ። ግን በ80ዎቹ መጀመሪያ ቴሌቪዥን ላይ የሚያነሷቸውን ስም የለሽ ታጋዮች ሳይ፣ አንዳንዱ ላይ የማየው ፍርሃት ትወና አይመስለኝም።

ገመድ_ጥግ

አዎ፣ እዚያ ጋ እጅ ሰጥቻለሁ። አንዳንዶቹን መሬት ላይ የሚጥሏቸው እንደ ጆንያ ነው።

ቶኪዮ_ዶም

ስለ ጃፓን ማንም ሳያነሳ ክሩ ሊያልፍ ነው መሰለኝ። ይቅርታ፣ ይሄ የኔ ጉዳይ ስለሆነ ይረዝማል።

ኦል ጃፓን የሚባለው የጃፓን ድርጅት የገቡት በ1985 ነው። እዚያ ያለው ተመልካች ረጅም ግጥሚያ የለመደ ነው። ቁጭ ብሎ፣ ዝም ብሎ፣ ቀስ እያለ የሚገነባ ትግል ነው የሚያየው። እና እነዚህ ሁለት ሰዎች በሩጫ ገብተው ገና ደወሉ ሳይበርድ ሰው መወርወር ጀመሩ። ይጠላሉ ብለህ ትጠብቃለህ። ተገላቢጦሽ ሆነ። የጃፓን መጽሔቶች ፎቷቸውን አይጠግቡትም ነበር።

በመጋቢት 1987 ጃምቦ ሱሩታንና ገኒቺሮ ቴንርዩን ጥለው የኤንደብልዩኤን ኢንተርናሽናል የጥንድ ቀበቶ ወሰዱ። ሱሩታና ቴንርዩ እኮ የአገሩ ቁንጮ ናቸው። ያን ቀበቶ እስከ 1988 ይዘውታል።

ሦስት_ቆጠራ፣ በ1990 አልቀዋል ላልከው ደግሞ መልስ አለኝ። ሀውክ በ1992 ከደብልዩደብልዩኤፍ ጥሎ ወጣና ኒው ጃፓን ወደሚባለው ሌላው የጃፓን ድርጅት ሄደ። እዚያ ኬንሱኬ ሳሳኪን ፊቱን ቀብተው፣ እሾህ አልብሰው፣ "ፓወር ዋሪየር" አሉት። ጥንዱ ሄል ሬይዘርስ ተባለ። አይደብልዩጂፒ የሚባለውን የኒው ጃፓን የጥንድ ቀበቶ ሁለት ጊዜ ወሰዱ፤ በታኅሣሥ 1992 እና በጥር 4 ቀን 1994 ቶኪዮ ዶም ላይ። እነዚያን ግጥሚያዎች እይ። ሀውክ ይመታል፣ ይወድቃል፣ ይታገላል! ያ ትግል አያውቅም የተባለው ሰውዬ።

ሦስት_ቆጠራ

ቶኪዮ፣ ሄል ሬይዘርስ ግን ሮድ ዋሪየርስ አይደለም። አኒማል የለም። እንዲያውም ክርክሬን አጠናከርክልኝ። ሀውክ ጥሩ የሠራው ከሥርዓቱ ሲወጣ ነው።

ቶኪዮ_ዶም

ይሄን ነገር እንዴት አድርገህ ወደ ራስህ እንዳዞርከው አላውቅም። ጠበቃ ነህ እንዴ?

አዲስ_ገባ

ይቅርታ፣ ጥያቄ አለኝ። እኔ መጀመሪያ ያወቅሁት ዴሞሊሽንን ነው። ሮድ ዋሪየርስ የእነሱ ቅጂ ናቸው ብዬ ነበር ሁሌም የማስበው። ተሳስቻለሁ?

ገመድ_ጥግ

ኧረ በፈጣሪ! ሃሃሃ። አይዞህ፣ ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚያስበው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የደብልዩደብልዩኤፍ ባለቤት ቪንስ ማክማን ሮድ ዋሪየርስን ይፈልጋል፣ እነሱ ደግሞ ክሮኬት ጋ ናቸው። ስለዚህ በ1987 የራሱን ሠራ። ፊት ቀለም አለ፣ ቆዳ አለ፣ ብረት አለ። አክስ የተባለው ቢል ኢዲ ነው። ስማሽ የተባለው ደግሞ፣ ሦስት_ቆጠራ ያዙልኝ ያለው ባሪ ዳርሶ! ከነሀውክ ጋር አንድ ላይ የሠለጠነው ልጅ። የጓደኞቹን ልብስ ለብሶ ሚሊዮኖች ፊት ቆመ።

ዴሞሊሽን ግን ቅጂ ሆኖ አልቀረም፣ ይሄን መካድ አይገባም። ከመጋቢት 1988 ጀምሮ ቀበቶውን 478 ቀን ያዙ። ያን ቁጥር ኒው ዴይ የሚባሉት እስኪሰብሩት ድረስ እስከ 2016 ቆየ።

ደግሞ እነሱ ብቻ አይደሉም። ኋላ ትልልቅ ኮከብ የሆኑት ስቲንግና አልቲሜት ዋሪየር ጀማሪ ሳሉ ምን ይመስሉ እንደነበር ታውቃለህ? አንድ ላይ፣ ብሌድ ራነርስ ተብለው፣ ፊታቸውን ቀብተው። ሁለት ግዙፍ ጀማሪዎች፣ ከጡንቻ በቀር ምንም የማያውቁ። ሮድ ዋሪየርስ ባይኖሩ ማን ቀጥሯቸው ነበር?

እሷ_ዳኛ

የሚያናድደው ግን እውነተኞቹና ቅጂዎቹ በ1990 ሲገናኙ ምንም አልሆነም። ዓመታት የተጠበቀ ግጥሚያ ነበር። ዴሞሊሽን ክራሽ የሚባል ታጋይ ጨምረው ሦስት ሆነዋል፣ አክስ በመውጫው ላይ ነው። ሳመርስላም 1990 ላይ ሊጅን ኦፍ ዱም መጥተው ሃርት ፋውንዴሽን የሚባለው ጥንድ ዴሞሊሽንን እንዲያሸንፍ ምክንያት ሆኑ። ከዚያ ዴሞሊሽን እየቀለጠ ሄደ። እንደ ሞቀ ሻይ ቀርቦ ማንም ሳይጠጣው የቀዘቀዘ ነገር። ሦስት_ቆጠራ እዚህ ጋ እውነት አለው።

ሦስት_ቆጠራ

አንድ ነጥብ ለኔ! መዝግቡልኝ።

አዲስ_ገባ

የኤንደብልዩኤውን ቀበቶ በ1989 ያጡት በስታይነሮች ነው አይደል?

ካሴት_ሰብሳቢ

አይደለም። በማይክ ሮተንዳና በስቲቭ ዊሊያምስ ነው። ሚያዝያ 2 ቀን 1989፣ ኒው ኦርሊንስ ሱፐርዶም። ዳኛው ቴዲ ሎንግ ነበር። ሦስቷን ቆጠራ እንዴት እንደቆጠራት ካላየህ እይ። አንድ፣ ሁለትሦስት! ሁለትና ሦስት አንድ ቃል ሆኑ።

አንድ ነገር ልብ በል። ሮድ ዋሪየርስ ሲሸነፉ ሁሌም ምክንያት አለ። የኤደብልዩኤውን ቀበቶ ከክራሸርና ከባሮን ቮን ራሽኪ ነበር የወሰዱት፣ በ1984። ክራሸር ያኔ 58 ዓመቱ ነው! በ1985 ለጂሚ ጋርቪንና ለስቲቭ ሪጋል ሲያስረክቡ ደግሞ ፍሪበርድስ የሚባሉት ታጋዮች ጣልቃ ገብተው ነው። ንጹሕ ሽንፈት ብርቅ ነው። ይሄ ነው ሲያዩአቸው የሚያስፈራው፣ ይሄው ነው ሌሎቹን ታጋዮች የሚያንገበግባቸው።

እሷ_ዳኛ

ስለ ፖል ኤለሪንግ አንድ ሰው አንድ ነገር ይበል እንጂ። ሰውዬው ጋዜጣ ጠቅልሎ ጥግ ላይ የሚቆም ጌጥ አልነበረም። በእውነትም ማናጀራቸው ነበር። ጉዞውን፣ ቀጠሮውን፣ ሂሳቡን የሚይዘው እሱ ነው። አንዱን ሳምንት ጆርጂያ ሌላውን ቶኪዮ የሚውሉ ሁለት ጎረምሶችን ማሰማራት ቀላል ሥራ አይደለም። ራሱን ችሎ ጉደኛ ነው ደግሞ፦ በ2000 አላስካ ውስጥ ኢዲታሮድ የተባለውን የውሻ ተንሸራታች ውድድር ተወዳድሯል።

እና ይሄን ሰው ደብልዩደብልዩኤፍ በ1992 ሲመልሰው ምን ሰጠው? አሻንጉሊት። ሮኮ የሚባል የእንጨት አሻንጉሊት። ጭን ላይ አስቀምጦ እያናገረ። ሀውክና አኒማል ፊታቸውን ተቀብተው፣ እሾህ ለብሰው፣ ከአሻንጉሊት ምክር ሲቀበሉ!

ገመድ_ጥግ

ሮኮን ረስቼው ነበር። ለምን አስታወስሽኝ?

ሦስት_ቆጠራ

ሁለተኛ ነጥብ ለኔ። ለነገሩ ሮኮ ብቻውን ክርክሩን ያሸንፍልኛል።

ያ አሻንጉሊት ጋልቦ የገባው የት መሰላችሁ? ዌምብሌይ ስታዲየም፣ ነሐሴ 29 ቀን 1992፣ ሳመርስላም። ሀውክና አኒማል በሞተር ብስክሌት ነበር የገቡት። ምስሉን ብቻ ብትቆርጡት ከታሪካቸው ሁሉ ይበልጣል። መኒ ኢንክ የሚባለውን ጥንድ አሸነፉ። ሀውክን ግን ዝም ብላችሁ እዩት። ደክሟል። ዓይኑ ሌላ ቦታ ነው። ከዚያች ማታ በኋላ ሄደ። አኒማል ብቻውን ቀረ፣ ጀርባውን ተጎዳ፣ ለዓመታት ከሪንግ ራቀ።

ዝምተኛው

ዓመት ሙሉ አንብቤ ነው፣ ዛሬ ገና መጻፌ ነው። ስለ 1998 ማንም ያላነሳው ሆን ብላችሁ ነው አይደል?

በ1997 ሲመለሱ ጥሩ ነበር። ሬስልማኒያ 13 ላይ ቺካጎ አጠገብ ከአህመድ ጆንሰን ጋር ሆነው ኔሽን ኦፍ ዶሚኔሽን የሚባለውን ቡድን የገጠሙበት የጎዳና ድብድብ ደስ ይላል። ከዚያ ኒው ኤጅ አውትሎውስ የሚባሉት ጥንድ ቀበቶውን ወሰዱባቸው። ቀጥሎ "ሊጅን ኦፍ ዱም 2000" ተባሉ፣ የራስ ቁር ተደፋላቸው፣ ሰኒ የምትባል ማናጀርም አብራቸው ወጣች።

በ1998 መጨረሻ ግን የሀውክን የመጠጥና የዕፅ ችግር ታሪክ አደረጉት። ሰውየው በእውነት ሲታገለው የኖረውን ነገር። ሰክሮ እየተንገዳገደ ሲወጣ ተመልካቹ ይስቃል። ድሮዝ የሚባል ሦስተኛ አባል አመጡና ቦታውን ሊወስድበት ነው ተባለ። ኅዳር ላይ ሀውክ ትልቁ ስክሪን ላይ ወጣ፣ ራሱን ሊወረውር ነው ተብሎ፣ ድሮዝም ተከትሎት ወጣ። ከዚያ ወደቀ። ወንድሜ ተመሳሳይ ችግር ስለነበረበት ነው መሰለኝ፣ ያን ቀን ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ሬስሊንግ አላየሁም።

እሷ_ዳኛ

ዝምተኛው፣ እንኳን ጻፍክ። ወንድምህን ፈጣሪ ይርዳው።

ያን ታሪክ ክብር የነካ ነው ብዬ ነው የማስበው። ለሌላ ታጋይ ሊሠራ የሚችል ታሪክ ነበር፣ ለሀውክ ግን አይደለም።

ቶኪዮ_ዶም

ሀውክ ጥቅምት 19 ቀን 2003 አረፈ። ልቡ ነው። 46 ዓመቱ ነበር። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ሁለቱ አንድ ላይ ሮው የሚባለው የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ ወጥተው ኬይንንና ሮብ ቫን ዳምን ገጥመው ነበር። ተሸነፉ። ለመጨረሻ ጊዜ እንደሆነ ማን አወቀ።

አኒማል በ2005 ሃይደንራይክ ከሚባል ታጋይ ጋር ሆኖ ኤምኤንኤም የሚባለውን ጥንድ አሸንፎ ቀበቶ ወሰደ። ድሉን ለሀውክ ነው የሰጠው። ሃይደንራይክን ፊቱን ቀብተው እሾህ ሲያለብሱት ሳይ ሳሳኪ ትዝ አለኝ። አኒማልም በመስከረም 2020 ሄደ፣ በ60 ዓመቱ።

ካሴት_ሰብሳቢ

ነፍሳቸውን ይማር።

ከጨዋታው ላለመውጣት የኔን አንድ ቀን ልናገር። ሦስት_ቆጠራ ስለ 80ዎቹ ሲያወራ እንዴት ይሄን እንደዘለለው አልገባኝም። ኅዳር 1988። ሮድ ዋሪየርስ ክፉ ሆነዋል፣ ወይም ክፉ ለመሆን እየሞከሩ ነው፣ ሕዝቡ ግን እምቢ ብሎ ያጨበጭብላቸዋል። ምን ቢያደርጉ ሊጠሉ ነው? ዳስቲ ሮድስን ያዙት። ዳስቲ ሕዝቡ እንደ ራሱ ልጅ የሚያየው ሰው ነው፣ ታሪኮቹንም የሚያወጣው እሱ ራሱ ነበር። አኒማል ከትከሻ ልብሱ ላይ አንዱን እሾህ ነቀለና ዓይኑ ላይ ተከለው። ደም በደም ሆነ። ቴሌቪዥን ጣቢያው ደም እንዳይታይ ከልክሎ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ዳስቲ ከቦታው ተነሳ።

ዛሬም ሳየው ፊቴን አዞራለሁ። እንደሚሠራ እያወቅሁ።

ሦስት_ቆጠራ

አልዘለልኩትም፣ ለመጨረሻ አስቀምጬው ነበር፣ ቀደምከኝ። አንድ ነገር ግን ልጨምር። በ2011 አትላንታ ላይ ሀውክ፣ አኒማልና ኤለሪንግ ወደ ደብልዩደብልዩኢ (የድሮው ደብልዩደብልዩኤፍ) የዝና አዳራሽ ሲገቡ፣ መድረክ ላይ ወጥቶ ያስተዋወቃቸው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ?

አዲስ_ገባ

ማን?

ሦስት_ቆጠራ

ዳስቲ ሮድስ።

አዲስ_ገባ

ቆይ፣ ያ ዓይኑን የወጉት ዳስቲ?

ሦስት_ቆጠራ

እሱ ራሱ።

ገመድ_ጥግ

በል እሺ፣ ይሄኛው ግን ከ1990 በኋላ ነው። ነጥቡ ለኔ።